ዳር ላይ ያለው ቁልፍ

ጥር 14

ጥምቀትን ከእማዬና ከአባዬ ጋር አሳልፌ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ነበር። ዛሬ ጠዋት አለቃዬ ጥበብ ደወለና «እዚያው ደባርቅ ቆዪ» አለኝ። የከብት ጤናው አፕ እንደገና ሊሠራ ነው፤ የምሠራውም እኔ ነኝ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ከብቱ የታመመበት አራሽ ስልኩን ይከፍታል፣ እንስሳውን ይመርጣል፣ ሕመሙን ይመርጣል፣ ይልካል። መልእክቱ ዳባት ላለው የእንስሳት ሐኪም ይደርሳል፤ እሱም ይደውላል ወይም ይመጣል። አምና በየቀበሌው ሰው ስልክ ላይ ተጫነ። ዘንድሮ የሚከፍተው የለም።

«ለምንድን ነው የማይከፍቱት?» አልኩት።

«እሱን አንቺ ንገሪኝ» አለ። «መጋቢት ላይ ዳባት ውስጥ ሙከራ አለ። ገንዘቡን የሚሰጡት ረጂዎችም ይገኛሉ። አራሾቹ ያለ ሰው እርዳታ መላክ ካቃታቸው ይዘጋል።»

ከተዘጋ እኔም ሥራ የለኝም። እውነቱን ለመናገር ግን ከሥጋቱ ይልቅ ጉጉቱ ነው የያዘኝ። ሰው እጁ ላይ ያለውን ነገር ለምን ይተወዋል?

ጥር 17

ጎረቤታችን አቶ ቢራራ ታኅሣሥ ላይ በሬያቸው ሞቶባቸዋል። «በስልኩ ነግሬ ነበር፤ ማንም አልመጣልኝም» እያሉ ለሰው ሁሉ ያወራሉ። የዳባቱ ሐኪም ልደቱ ደግሞ ምንም አልደረሰኝም ይላል። ዛሬ ሄጄ፣ ያን ዕለት ያደረጉትን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው።

ስልካቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። «እዚህ ጋ በሬ አልኩ። እዚህ ጋ ሆዱ ተነፍቷል አልኩ። ከዚያ ባልዲውን ነካሁ።»

«የምን ባልዲ?»

«ይቺን! በሬው ውኃ እምቢ ብሎ ነበራ። ውኃ አልጠጣም ለማለት ባልዲውን ነካሁ።»

የቆሻሻ መጣያው ምልክት ነው። የጻፉትን በሙሉ አጥፍቶባቸዋል።

ሳቄ መጥቶ መንገድ ላይ ቀረ። «ከዚያስ ምን አደረጉ?»

«ከዚያማ ጠበቅሁ።»

ምልክቱ ምን እንደሆነ ስነግራቸው በጣም ተገረሙ። «ቆሻሻ በስልክ ውስጥ ምን ይሠራል?» አሉኝ። ማታ ባልዲውን ከገጹ አወጣሁት።

ጥር 22

አባዬን ፈተንኳቸው።

እሳቸው መሪጌታ መልከ ጼዴቅ ናቸው፤ በደብሩ ዜማ ያስተምራሉ፣ ትርፍ ጊዜያቸውን ብራና ይጽፋሉ። በጎችም ስላሉን ለእኔ ጥሩ ተፈታኝ ናቸው። የእኔ ሕግ አንድ ነው፤ ዝም ብዬ አያለሁ፣ አልረዳም።

ስልኩን ክንዳቸውን ዘርግተው አርቀው ያዙት። «በግ» አሉና ነኩ። «ታስላለች» አሉና ነኩ። ጥሩ። ከዚያ ቆሙ።

«እንግዲህ ከዚህ ወዴት ነው መንገዱ?»

ዝም አልኩ። «ላክ» የሚለው ቁልፍ ከታች በስተቀኝ ዳር ላይ ነው። አረንጓዴ ነው፤ የአውራ ጣት ስፋት አለው።

«የለም» አሉ።

«አለ፣ አባዬ። ይፈልጉት እስቲ።»

«ልጄ፣ የሌለውን አለ አትበዪኝ።»

ስልኩን መለሱልኝና ወደ ተማሪዎቻቸው ሄዱ። ያን የሚያህል ቁልፍ እንዴት አይታይም?

ጥር 26

ከልደቱ ጋር ተራራው ላይ ወዳለችው ቡይት ራስ ወጣን። ነፋሱ ቃል ያስጥላል። ፀሐዩ ስልኩን መስተዋት ያደርገዋል፤ የምናየው የራሳችንን ፊት ነው። ቀለሙ ሁሉ መድመቅ አለበት።

የመፈለጊያውን ምልክት፣ አጉሊ መነጽሩን፣ የወጥ ጭልፋ ነው ያሉኝ ሴቶች አሉ። እኔም ካሁን በኋላ ጭልፋ ሆኖ ነው የሚታየኝ። «ተመለስ» የሚለውን ቀስት አንዱ ሽማግሌ «ወደ ደባርቅ የሚያሳይ ነው» አሉ፤ የተቀመጡበትን ሳይ እውነትም ወደ ደባርቅ ያሳያል።

«ላክ»ን ግን ሁሉም አገኙት። ስልክ ነክተው የማያውቁት ሳይቀሩ። አባዬ ብቻ ናቸው።

የካቲት 1

ፊደሉ አንሶባቸው ይሆናል ብዬ አተለቅሁት። ባሰባቸው! ጭራሽ «በግ»ንም ማግኘት አቃታቸው። ደግሜ አተለቅሁት። ደግሞ ባሰ።

ይህን በየትም አላነበብኩም። ፊደል ሲተልቅ የሚቸገር ሰው አለ?

የዓይን ነገር እንዳልል ዛሬ ጠዋት ለእማዬ መርፌ ላይ ክር የሰኩላት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ሞክሬ አቅቶኝ። ብራናቸው ላይ የሚጽፏት ፊደል ከጤፍ ብዙም አትበልጥም። ጎረቤቱ ሁሉ «የመሪጌታ ዓይን» እያለ ይቀናል።

የካቲት 5

ችኮላ። ጥበብ ሦስት ጊዜ ደወለ። መብራት የለም። ኔትወርክ መጣ ሄደ። አባዬ ዛሬም አልቻሉም። ተናደዱ፤ እኔም ተናደድኩ። ለምን?

የካቲት 8

አገኘሁት!

ፊደሉን መልሼ አሳነስኩና ሁሉንም ነገር መሃል ላይ ሰበሰብኩት። አንድ ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ፤ መልሱም መሃል፣ «ላክ»ም መሃል። አባዬ እንደ ውኃ ፈሰሱበት። «በግ፣ ታስላለች፣ ላክ!» ከዚያ ስልኩን ገልብጠው ጀርባውን አዩና «እዚያው ሆና ደረሰች?» አሉኝ። ልደቱ ደውሎ ደርሳኛለች ሲላቸው እንደ ልጅ ሳቁ።

አቶ ቢራራም ሞከሩት። ከአሮጌው በእጥፍ ፈጠኑ። እንግዲህ ለአባዬ የተመቸ ለሁሉም ይመቻል ማለት ነው። ጥበብ በጣም ተደሰተ። እኔም።

የካቲት 12

ከገበያ ስመለስ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ያወራሉ። የመሪጌታ ልጅ መሆኔን አላወቁም።

«መሪጌታ እኮ ኮሩ። ትናንት አጠገባቸው ቆሜ እጅ ብነሣ ዘግተውኝ አለፉ።»

«እኔንም! ልጃቸው ከአዲስ አበባ ከመጣች ወዲህ ነው።»

ከእኔ ጋር ምን ያገናኘዋል? ደግሞ አባዬ ኩራት አያውቁም። ሐሳብ ላይ ሆነው ይሆናል።

የካቲት 16

ነገ ጾም ይገባል። ከእማዬና ከአባዬ ጋር ዘመድ ልንጠይቅ ወጣን። እማዬ መንገድ ላይ ወሬዋ በዝቷል። «ይህ ቦይ ዛሬም አልተደፈነም?» ትላለች። «የማን ፍየል ናት መንገዱ ላይ የተኛችው!» ትላለች። «ደፉ እንዲህ ከፍ ያለ ቤት ደግሞ!» ትላለች። ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ቀድማ ነው የምትሄደው። ዱሮ ከኋላ ነበር የምትሄደው፤ ወሬም አትወድም ነበር። የዕድሜ ነገር ይሆናል።

ቤት ውስጥም በርጩማ ከቦታው ሳነሣ ትቆጣኛለች። «መልሺው! ሁሉ ነገር ቦታ ቦታ አለው።»

የካቲት 21

አፑ ሰው ጣቱን የነካበትን ቦታ ሁሉ ያስቀምጥልኛል። ዛሬ የአሮጌውን ገጽ የሁሉንም ሰው ንክኪ በየወረቀቱ ላይ በነጥብ አወጣሁት። የአቶ ቢራራ ነጥቦች በየቦታው ተበትነዋል። የቡይት ራሶቹም እንዲሁ። የአባዬ ግን መሃል ላይ አንድ ክብ ሠርተዋል። ከክቡ ውጭ አንዲትም ነጥብ የለች።

ክቧ ታምራለች። ለረጅም ጊዜ አየኋት። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፌ አስቀመጥኩት። ነገ ብዙ ሥራ አለኝ።

የካቲት 23

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው።

ከአባዬ ጋር አስፋልቱን ልንሻገር ቆመናል። አንድ ባጃጅ ከጎን እየመጣ ነው፤ ቀይ ነው፣ ጥሩምባ እየነፋ ነው፣ ማንም ያየዋል። አባዬ ፊት ለፊታቸውን እያዩ ገቡበት። ጋቢያቸውን ይዤ ጎተትኳቸው። ሁለታችንም ወደቅን። ባለ ባጃጁ ሰደበን፤ ከዚያ መሪጌታ መሆናቸውን ሲያይ ወርዶ ትቢያቸውን አራገፈላቸው።

አባዬ «ከየት መጣ?» ነው ያሉት። ደጋግመው። «ከየት መጣ?»

ቤት ገብተን ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። «ዓይኔን ይዩኝ፣ ከዓይኔ አይንቀሉ። ጣቴ ሲታይዎ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ሁለቱን እጆቼን ዘርግቼ ጣቶቼን እያንቀሳቀስኩ ወደ መሃል አመጣሁ። ዝም። አመጣሁ። ዝም። እጆቼ ጆሮዬ ጋ ደረሱ። «አሁን» ያሉኝ ጣቶቼ ጉንጬን ሊነኩ ሲሉ ነው።

እማዬ በሩ ላይ ቆማለች።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«የቱን?» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አባዬ ናቸው የተናገሩት። «እሷን ተያት። ሁለት ክረምት አልፎታል። መጀመሪያ ማታ ማታ ነበር። ከዚያ ቀኑም ይጠብ ጀመር። እንደ በር ነው፤ ማንም ሳይገፋው ቀስ እያለ ይገጠማል።»

«ለምን አልነገሩኝም፣ አባዬ?»

«ምን ብዬ? መርፌ እሰካለሁ። ብራና እጽፋለሁ። ታምሜአለሁ ብል ማን ያምነኛል?»

ሰው ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ማወቅ ሥራዬ ነው። አባቴ ዳር ዳሩን እንደማያዩ አወቅሁ፤ አውቄም ቁልፉን ወደ መሃል አመጣሁላቸው፤ ደስም አለኝ። ቁልፉን ነው ያከምኩት።

የካቲት 28

ጎንደር ዓይን ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። አብሯቸው የተማረ ጓደኛ ነበራቸው፤ ዓይኑን ሊታከም ሄዶ ጨልሞበት ነው የተመለሰው። «የጀመርኩትን ብራና ሳልጨርስ ለማንም ዓይኔን አልሰጥም» አሉ። እማዬ አለቀሰች። አባዬ ተማሪ ሊያስቀጽሉ፣ ዜማውን ሲያሰማቸው ሊያርሙት ወጡ።

የጎንደር መንገድም ተዘግቷል። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ጥበብ ደግሞ የዳባት ሙከራ መጋቢት 5 ነው አለ። አንቺ ከሌለሽ አይሆንም አለ።

መጋቢት 2

ዛሬ ልከራከራቸው አልፈለግሁም። ነጥቦቹን ያወጣሁበትን ወረቀት አምጥቼ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጣትዎ ያረፈበት ነው። ይህ ደግሞ የአቶ ቢራራ።»

ሁለቱን እያፈራረቁ አዩ። ጭንቅላታቸውን ከፍ ዝቅ፣ ግራ ቀኝ እያደረጉ፣ ብራና እንደሚያርሙ። ከክቡ ውጭ ያለውን ነጩን በጣታቸው ዳሰሱት።

«እዚህ ምን አለ?»

«እርስዎ የማያዩት አለ።»

«ቢራራ ያየዋል?»

«ያየዋል።»

ወረቀቱን አጥፈው መልሰው ዘረጉት። «ሐኪሙ ይህን ለክቶ ያሳያል?» አሉ።

«ከዚህ በላይ አድርጎ ያሳያል። እርስዎ ካልፈቀዱ ደግሞ የሚነካዎት የለም።»

«እንግዲያ መንገዱ ሲከፈት ልወቀው» አሉ። እኔን ጉጉ ናት እያለ የሚያማኝ ሁሉ ከማን እንደወረስኩት ይየው።

መጋቢት 5

መንገዱ ዛሬ ተከፈተ። የሙከራው ቀን ዛሬ ነው። ነገ ይዘጋ ይሆናል፤ ማንም ዋስ አይሆንም።

ጥበብ ጋ ደወልኩ። «ዳባት እኮ መንገድሽ ላይ ነው! ግማሽ ቀን ብቻ ቁሚ» አለ። ግማሽ ቀን ከቆምን የጎንደሯ ዓይን ሐኪም ሳናገኛት ትወጣለች። «አልችልም» አልኩት።

ሚኒባሱ ዳባት ሲደርስ ልደቱ መንገድ ዳር ጠበቀኝ። የሙከራ ስልኮቹን በመስኮት ሰጠሁት። «አትርዳቸው» አልኩት። «ቢቸገሩም ዝም በል። ካልሠራ አለመሥራቱን ማወቅ አለብን።»

«አንቺስ?»

«አባቴን ይዣለሁ።»

ወደ አባዬ አየና ቆቡን አወለቀ። አባዬ አላዩትም፤ በመስኮቱ በኩል ነበር። «ልደቱ ነው፣ በቀኝዎ» አልኳቸው። ዞሩለት።

መጋቢት 6፣ ጎንደር

ግላኮማ ይባላል። የዓይን ውስጥ ግፊት ነው፤ ነርቩን ከዳር ጀምሮ ይበላዋል። መሃሉን መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። ለዚህ ነው መርፌ የሚሰኩት። ለዚህ ነው ፊደል ሲተልቅ ከክቡ ወጥቶ የሚጠፋባቸው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምታስረዳው። «የጠፋው አይመለስም፣ አባቴ። የቀረውን ግን በጠብታ ልናቆየው እንችላለን። በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ።»

«ቢላዋ የለም?»

«ለአሁን የለም።»

መሣሪያው ያወጣውን ሥዕል አሳየቻቸው፤ ዙሪያው ጥቁር፣ መሃሉ ነጭ። አባዬ ክንዳቸውን ዘርግተው አርቀው ያዙት። ያለቅሳሉ ብዬ ፈራሁ። «ታዲያ እኔ ጥቁር አይታየኝም እኮ» አሉ። «ምንም ነው። ጥቁር ቢሆንማ ባወቅሁት ነበር።»

ሐኪሟ እንዲህ ያለ ነገር የሰማች አልመሰለኝም። ጻፈችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «በዘር ይወረሳል። ልጆችም መታየት አለባቸው። አሁኑኑ ልይሽ?»

ሚኒባሱ ሊሄድ ነው አልኳት። አንድ ሰዓት ያህል ይቀረው ነበር።

መጋቢት 8

ልደቱ መጣ። ሙከራው ላይ ከተገኙት አብዛኞቹ ልከዋል። አንድ ሽማግሌ ግን «ላክ»ን ነክተው ነክተው ያንኑ በግ ሰባት ጊዜ ልከዋታል፤ መድረሱን የሚነግራቸው ነገር አላዩም። አንዲት እናት ደግሞ ለሙከራ ሳይሆን ከምር ቤቷ ያለች ላሟን መዘገበች፤ ልደቱ ያኑ ዕለት ሄዶ አከመላት።

«ረጂዎቹስ?»

«ላሟን ሊያዩ አብረውኝ መጡ» አለ። «ጭቃው ጫማቸውን በላው።»

አፑ አይዘጋም። ጥበብ አሁንም ቅር ብሎታል፤ በአጭሩ ነው የሚጽፍልኝ። ይሁን። መልእክት ሲደርስ ስልኩ እንዲናገር አደርጋለሁ፤ «ደርሷል» ይላል። ድምፁን እማዬ ትሰጠኛለች።

መጋቢት 21

ጠብታው በቀን ሁለት ጊዜ ነው። እማዬ አባዬን አንጋልላ ታደርግላቸዋለች። አባዬ ጾም ይፈርሳል ወይ ብለው ንስሐ አባታቸውን ጠየቁ፤ መድኃኒት ነው ተባሉ።

አሁን ነገሩ ስለታወቀ እማዬ ስለ ቦይና ስለ ፍየል ማጉረምረሟን ትታ በግልጽ «ድንጋይ» ትላለች፤ አባዬም «አየሁ» ወይም «አላየሁም» ይሏታል። ሲሳሳቁ እሰማለሁ።

ረጂዎቹ ዓርማቸው በየገጹ ዳር ላይ እንዲገባ ጠይቀዋል። ዳሩን ለእነሱ ሰጠሁ። የሚያየው ይየው።

ሥራ ስለበዛ ጎንደር መመላለስ አልተመቸኝም።

መጋቢት 29

ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ሁለቱን እጆቼን እዘረጋለሁ። ጣቶቼን አንቀሳቅሳለሁ። አያቸዋለሁ። ሁለቱንም። ቀኝ ግን ትንሽ ዘገየች? ደገምኩት። ደገምኩት።

እማዬ «ምን ትሠሪያለሽ?» አለች።

«ስፖርት።»

ሚያዝያ 7

እማዬ ዛሬ ጠብታውን ለአባዬ አድርጋ ስትጨርስ ዞር ሳትል «ለሁለት ክረምት ዝም ያልኩ እኔ ነኝ» አለች። «ዝም ብል የሚተወን መስሎኝ ነበር። ምሥሬ፣ ስፖርቱን ተይና ሂጂ።»

ሚያዝያ 18፣ ጎንደር

ፋሲካ አለፈ። አባዬ የአርባ ቀን ቀጠሯቸው ነበር፤ ግፊቱ ወርዷል። ሐኪሟ ደስ ብሏታል። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ እኔም በሚኒባስ አላመካኘሁም።

አገጭ ማስደገፊያ ያለው ነጭ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ ፊቴን አስገባሁ። አንድ ዓይኔ ተሸፈነ። እጄ ላይ ቁልፍ ሰጡኝ። «መሃል ያለውን ብርሃን ብቻ እይ። ሌላ ብልጭታ በየትም በኩል ሲታይሽ ተጫኚ። አትፈልጊው። ዝም ብለሽ ጠብቂ።»

ስንት ሰው ፊት ስልክ አስቀምጬ እንዲህ ብያለሁ። አጠገቤ የቆመችው ነርስ ዝም ብላለች፤ አትረዳኝም። ተጫንኩ። ተጫንኩ። ከዚያ ቆየ። በጣም ቆየ። ብልጭታው አልፎኛል ወይስ ገና አልመጣም? አባዬ «የለም» ሲሉ እኔ «አለ» ስላቸው ምን ተሰምቷቸው እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

ደግሞ መጣ። ተጫንኩ።

ሐኪሟ ወረቀቱን እያገላበጠች ዓይኖቼ ንጹሕ መሆናቸውን ነገረችኝ። በየዓመቱ መመለስ አለብኝ፤ ምናልባት አንድ ቀን ሊጀምር ይችላል፣ ምናልባትም አይጀምርም። ማወቅ የሚቻለው ይህን ያህል ነው አለች።

አባዬ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ በጎናቸው ለተቀመጥኩት ለእኔ ጭንቅላታቸውን ሙሉ አዞሩልኝ።

«እንዴት ሆነ?»

«ደኅና ነኝ፣ አባዬ። ዳሩም ይታየኛል።»

አማተቡ። «ተመስገን» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ይመስላል?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ዳሩ።»

እንዴት ብዬ እነግራቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ፊት ለፊቴን እያየሁ በግራዬ በኩል የምታልፈውን ነርስ ነገርኳቸው፤ ፊቷ አይለይም፣ ነጭ ነገር ብቻ ናት። በቀኜ መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ውጭ የሚነቃነቅ አረንጓዴ፣ ዛፍ ይሁን ልብስ አይታወቅም። እግሬ ሥር የሆነ ጥላ አለ። «ሁሉም ደብዛዛ ነው» አልኳቸው። «ግን መኖሩ ይታወቃል።»

ተማሪ ሲቀጽል እንደሚያዳምጡት ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ።

«ቀጥይ» አሉ።